ያረጁ ሕዋሳትና የእናቶቻችን ጉልበት

እናቶቻችን ሲያረጁ ምን እናድርግላቸው? ይህ ጥያቄ የብዙዎቻችሁ እንደሆነ አምናለሁ፤ የእኔም ነው። እናቴ ሌሞ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ የኖረች ናት። ዛሬ ከመቀመጫዋ የምትነሳው ጉልበቷን ይዛ ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ «ካልሲየም ያረጀ ሕዋስን ይገድላል ይላሉ» ብሎ ክኒን ላከላት። እኔም ነገሩን መርምሬ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1961 ሄይፍሊክና ሙርሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች የሰው ሕዋስ በቤተ ሙከራ 50 ጊዜ ያህል ከተከፋፈለ በኋላ መራባቱን እንደሚያቆም ገለጹ። እንዲህ ያሉ ያረጁ ሕዋሳት ቶሎ አይሞቱም። በአካላችን ተቀምጠው ብግነት የሚያስነሳ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ጤነኛ ጎረቤቶቻቸውንም ያስረጃሉ። ይህ ለሌሞ እናቶች እንግዳ ነገር አይደለም። አጠውልግ የያዘው እንሰት በጊዜ ካልተነቀለ ለጓሮው ሁሉ እንደሚተርፍ ያውቃሉና። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራም፣ ያረጁ ሕዋሳት የተወገዱላቸው አይጦች አንዳንድ የእርጅና ሕመሞች ዘግይተውላቸዋል።

ታዲያ ካልሲየም እዚህ ምን አገባው? ካልሲየም በሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ ነው። ከተከማቸበት ጎተራ ወጥቶ ኃይል ወደሚመነጭበት ክፍል፣ ወደ ማይቶኮንድሪያ ይገባል። ሲበዛ ሕዋሱን ያስረጃል፤ ከልክ ሲያልፍ ይገድለዋል። ይህ የጎተራ በር የሌላቸው አይጦች በደህና እንዳረጁና ረዘም ያለ ዕድሜ እንደኖሩ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚያስቡት ሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በሩን ዘግቶ እርጅናውን ማዘግየት፣ ወይ ያረጀውን ሕዋስ ብቻ በካልሲየም አጥለቅልቆ መግደል።

ነገር ግን ልብ በሉ! በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ራሱ ሕዋሱ ነው እንጂ የምንውጠው ክኒን አይደለም። የክኒኑ ካልሲየም ለአጥንት ይጠቅም ይሆናል፤ ያረጀ ሕዋስን ግን ለይቶ አይገድልም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲበዛም ለኩላሊት ጠጠር ሊያጋልጥ ይችላል። ደግሞም ያረጁ ሕዋሳት ሁሉ ጠላት አይደሉም፤ ቁስል እንዲሽር የሚያግዙ አሉ። እርጅናን ለማስቀረት ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒትም እስካሁን የለም።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ወሬ ሰምታችሁ ለክኒን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እናታችሁን ለሐኪም አሳዩ። የጉልበት ሕመም «የእርጅና ነው» ተብሎ የሚተው አይደለም። በእንሰት ፍቂያው፣ በውኃ ቀጂው፣ በሸክሙም ተራ ግቡላቸው፤ ወንድሞቻችንም ጭምር። ሳይንስ መንገዱን እስኪጨርስ፣ ይህ ከእጃችን ያለ ነው።