ትንሽ ቀረው

ላፕቶፔ ውስጥ 117 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም አለ። ከዳር እስከ ዳር ጥቁርና ነጭ ነው። ግራጫውን ትዕይንት በትዕይንት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት በልቶብኛል። ዛሬ ያንን ሥራ አንድ ጎረምሳ በስልኩ ቁልፍ ነክቶ ይጨርሰዋል። ከፊልሙ ጋር ሊኖር ይገባው የነበረውን ግን ማንም በምንም ቁልፍ አይመልሰውም። ሌባ አልወሰደብኝም፣ እሳት አልበላብኝም። በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት።

ነገሩ የሚጀምረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ከነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። 1986 ዓ.ም. ገደማ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን፣ የተጋረደውን ጆንያ ገልጠን፣ አግዳሚው ላይ ተጣበን እንቀመጣለን። ሙቀቱ የአርባ ምንጭ ነው፤ የሠላሳ ልጅ ትንፋሽ ሲጨመርበት አስቡት። ጋሼ የምንለው ባለቤቱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይተረጉምልናል። እንግሊዝኛው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ያየውን ነበር የሚናገረው፤ በአማርኛ ይጀምርና ነገሩ ሲከር ጋሞኛ ውስጥ ይገባል። ቀልዱ በአማርኛ፣ ፍርሃቱ በጋሞኛ ነበር።

አንድ ቀን ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ዴኩ ውስጥ ከተተ። «ኤሊየን» ነው፤ ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1979 ለሕዝብ ያቀረበው። ኖስትሮሞ የምትባል የሕዋ መርከብ ሰባት ሠራተኞች ሳያውቁ አውሬ ይዘው ይገባሉ፤ አውሬውም አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ካሴቱ የተቀዳው አሜሪካኖች በሚጠቀሙበት ኤንቲኤስሲ ነበር፤ የኛ ቴሌቪዥን ደግሞ ፓል እንጂ ሌላ አያውቅም። ምስሉን ተቀበለና ቀለሙን መፍታት አቃተው። እኛ ይህን በምን እናውቃለን? የጥንት ፊልም ነው ብለን ጥቁርና ነጩን አየን።

ሰውየው እንቁላል ወደሞላበት ዋሻ ሲወርድ ጋሼ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ የአዞ እርባታ ነው» አለ፤ «ግን ጠባቂ የለውም።» ሳቅን፤ ሳቃችንም ጉሮሯችን ላይ ቀረ። ከሐይቁ ዳር እንቁላል ተለቅሞ የሚፈለፈልበትን የከተማችንን እርባታ ጣቢያ የማያውቅ ልጅ አልነበረማ። አውሬው ከቧንቧዎቹ መሀል ተላቆ ሲነሳ ደግሞ፣ «ግንድ ነው ስትሉት የነበረው እሱ ነው» አለን። ጫሞ ሐይቅ ዳር ላደገ ልጅ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያን ማታ ቤቴ የገባሁት ሮጬ ነው።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ስማር ፊልሙን በቀለም አገኘሁት። ግሩም ነው፤ ግን የኔ አልነበረም። የጎደለው ቀለም አልባነቱ መሰለኝ። ይህ ነው የስህተቴ ሁሉ እናት። የሌላ ሰው ፊልም ወስዶ ለራስ እንደገና መቁረጥ፣ ማቅለምና ድምፅ መቀየር በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚጠመድበት ሥራ ነው። ፍራንክ ዳራቦንት «ዘ ሚስት» የተባለውን አስፈሪ ፊልሙን ጥቁርና ነጭ ሊያደርገው ፈልጎ ሳይሆንለት ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በዲቪዲ ነው ምኞቱን ያደረሰው። ስቲቨን ሶደርበርግ እ.ኤ.አ. በ2014 የስፒልበርግን የ«ኢንዲያና ጆንስ» የመጀመሪያ ፊልም ቀለሙን አውጥቶ፣ ንግግሩንም በሌላ ሙዚቃ ተክቶ አሳይቷል፤ ተመልካቹ የትዕይንቱን አቀማመጥ ብቻ እንዲያጠና። እኔም ከነዚህ ሰዎች ተራ የገባሁ መሰለኝ።

ቀለም ማውጣት ቀላል ይመስላል። ኮምፒውተር ግን ቀለሞችን እኩል አይመዝንም፤ በተለመደው ቀመር ከብርሃኑ 72 በመቶ ያህሉን ከአረንጓዴ፣ 21ዱን ከቀይ፣ 7ቱን ከሰማያዊ ይወስዳል። ሚዛኑን ካልነካኸው ልዩነቱ ይጠፋል። ይህን ያስተማሩኝ ሐይቆቻችን ናቸው። ከአርባ ምንጭ፣ ከሴቻ አፋፍ ላይ ሆኜ የእግዜር ድልድይን መሀል አድርጌ ፎቶ አነሳሁ፤ በግራ ቡናማው አባያ፣ በቀኝ ሰማያዊው ጫሞ። ቀለሙን ሳወጣው ሁለቱ አንድ ሐይቅ ሆኑ። የቀዩን ድርሻ ከፍ ሳደርግ አባያ ነጣ፣ ጫሞ እንደ ቀለም ብልቃጥ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም። የሰው ደም ጥቁር ቅባት እንዲሆን፣ ሰው መስሎ የኖረው የሮቦቱ የአሽ ወተት መሳይ ደም ደግሞ እንዲያበራ፣ እያንዳንዱን ትዕይንት ለብቻው መዘንኩ።

እግረ መንገዴን አውሬው ውስጥ ካለው ሰው ጋር ተዋወቅሁ። ቦላጂ ባዴጆ ይባላል፤ ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ ይማር የነበረ፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ናይጄሪያዊ። መጠጥ ቤት ውስጥ አይተውት ነው ለፊልሙ የመረጡት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ፊልም አልሠራም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣትነቱ ሞተ። ፊቱ ባይታይም እርምጃውና የክንዱ ርዝመት ለዘላለም ተቀድቶ ቀርቷል። ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት።

በ2006 ዓ.ም. ለፋሲካ አርባ ምንጭ ወረድኩ። ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ዲሽና ዲቪዲ ገድለውታል። ጋሼ ትንሽ ሱቅ ነበረው። የጀመርኩትን በላፕቶፕ አሳየሁት። ጥቂት አየና፣ «ድምፁን ዝጋው፤ እኔ እናገርበታለሁ» አለኝ። መቅጃ ይዤ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። 117 ደቂቃ ሳያቋርጥ ተናገረ። እርባታው አለ፣ ጠባቂ ማጣቱ አለ፣ ግንዱ አለ። ልጅ ሆነን ያልነገረንንም ጨመረበት፤ መጨረሻ ላይ ብቻዋን የምትተርፈውን ሪፕሊን፣ ባሏን ሐይቅ ከበላባት አንዲት ሴት ጋር አመሳስሎ በጋሞኛ ሲያወራ ልጁ ሥራዋን ጥላ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሲጨርስ ውኃ ጠጣና፣ «ሲያልቅ ለልጆቹ ታሳያቸዋለህ» አለ። በቃ፤ ፊልሙ ያለቀው ያን ዕለት ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት።

አዲስ አበባ ተመልሼ በማዳመጫ ስሰማው ዶሮ ይጮኻል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ጋሼ ሁለት ሦስት ጊዜ ይስላል። ቆሻሻ ድምፅ ነው አልኩ። አንድ ሌሊት ሦስተኛውን ግራጫ ሬንደር ሳደርግ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቦታ ሞላ ብሎ ቆመ። ሃርድ ዲስኬ 320 ጊጋባይት ነው፤ አብዛኛውን የያዙት የመጀመሪያውና የሁለተኛው ግራጫ ነበሩ። እነሱን መሰረዝ አሳሳኝ። የጋሼ ድምፅ ከአንድ ጊጋባይት ብዙም አይበልጥም፤ መቅጃው ላይ ያለውን አስቀድሜ አጥፍቼዋለሁ። «ለመስቀል ስወርድ በንጹሕ እንቀዳዋለን» ብዬ ሰረዝኩት። ሬንደሩ ቀጠለ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጋሞ ለመስቀል የትም ቢሆን አገሩ ይገባል። እኔ አልገባሁም፤ የመርከቧ የማስጠንቀቂያ መብራት ብልጭታ አልስተካከል ብሎኝ ነበር። ጋሼ ደወለ። «ደረሰ ወይ?» «ትንሽ ቀረው ጋሼ።» ለገና ደወለ። «ትንሽ ቀረው።» በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ ዳንኤል ታደሰን መሪ ተዋናይ አድርጎ እዚሁ አገራችን የቀረጸውን «ክረምብስ» የተባለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም አወጣ። ሰው የራሱን ዓለም ከባዶ ፈጥሮ ጨረሰ፤ እኔ የሰው ፊልም ላይ ጥላ አጠቁራለሁ።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ጋሼ አረፈ። መርዶውን የሰማሁ ሌሊት ሃርድ ዲስኩን ፍለጋ ተነሳሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በማግስቱ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ባለሙያ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ፈትሾ ራሱን ነቀነቀ፤ ድምፁ በነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበታል። ምን እንደተጻፈበት አልጠየቅሁትም። ግራጫዬ ነው።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የዱሮ የቪዲዮ ቤት ልጆች ተሰብስበናል። አንዱ «ጠባቂ የለውም» ያለበትን ሊያስመስል ሞከረ፤ ሌላው «አይደለም፣ እንዲህ ነበር ያለው» ብሎ አረመው፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አረማቸው። ሦስቱም እሱን አይመስሉም። የልጅነቴን ፍርሃት በጥቁርና ነጩ ውስጥ ስፈልገው የኖርኩት እዚህ ሰውዬ ጉሮሮ ውስጥ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ቴሌቪዥኑ ቀለም ማጣቱ ዕድል ነበር፤ እሱ ግን ሥራው ነበር።

ልጁ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «አባዬ ድምፁ አንተ ጋ እንዳለ ሁልጊዜ ይነግረን ነበር» አለችኝ፤ «ለልጆቼ ባሰማቸው።»

«እፈልገዋለሁ» አልኳት።

በየመስቀሉ ትደውላለች። «አገኘኸው?»

«ትንሽ ቀረኝ» እላታለሁ።