የግቢያችን አሮጌ ዘበኛ

በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር አንድ ማታ፣ ዝናቡ ከላይ ጭቃው ከታች ይዞኝ፣ ከመሥሪያ ቤት ዘግይቼ ተመለስሁና በራችን ላይ ቆሜ «ጃክ! ጃክ!» እያልሁ ተጣራሁ። ጃክ ውሻችን ነው። ድሮ የእግሬን ኮቴ ከመንገዱ ማዶ ለይቶ፣ ገና ቁልፉን ከኪሴ ሳላወጣ በሩን በፊት እግሮቹ እየቧጠጠ የሚቀበለኝ እሱ ነበር። ያን ዕለት ግን ዝም አለ። ከፍቼ ብገባ በረንዳው ጥግ ተጠቅልሎ ተኝቷል። «ሌባ ብሆንስ ኖሮ?» ብዬ ተናደድሁና በጫማዬ ጫፍ ጎኑን ገፋ አደረግሁት። ገፋ አደረግሁት የምለው በወረቀት ላይ ስለ ሆነ ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ረገጥሁት። ጃክም በድንጋጤ ዘሎ ተነሥቶ ሊነክሰኝ አፉን ከከፈተ በኋላ፣ ማን እንደ ሆንሁ በጠረኔ ሲለየኝ ጆሮዎቹን አጣጥፎ በሆዱ ተሳበ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የዚያች ሌሊት ኀፍረት ነው። አንባቢዎቼ፣ ይልቁንም እንደ እኔ በወር ደመወዝ የምትተዳደሩና በወላጆቻችሁ ግቢ ውስጥ አንድ ያረጀ ውሻ ያላችሁ፣ ከእኔ ስሕተት አንዳንድ ነገር ታገኙበት ይሆናል።

ጃክ ወደ ቤታችን የገባው በ2004 ዓ.ም.፣ እኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። እናቴ ከጎረቤት በካርቶን ይዛው መጣች። ውሾቻችንን ጃክ፣ ቦቢ፣ ሬክስ እያልን በፈረንጅ ስም መጥራታችን ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው፤ በሰፈራችን «ጃክ!» ብሎ የተጣራ ሰው ቢያንስ አራት ውሻ ያስነሣል። የእኛው ጃክ ግን ጆሮው የቆመ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ ቡናማ የሐበሻ ውሻ ነው። ቤታችን ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ስለ ሆነ ሌሊት ጅብ እስከ አጥራችን ድረስ ይወርዳል። ጃክ 11 ዓመት ሙሉ ጅቡንም ሌባውንም ሲያባርር ኖረ፤ ደመወዙም ከገበታችን የተረፈው ፍርፋሪ ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ክሱ በዛበት። ተጠርቶ አይመጣም። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ታጥቦ የተወለወለውን በረንዳ በሽንቱ ያበላሻል። እኩለ ሌሊት ላይ ይነሣና ወደ ግድግዳ ዞሮ ይጮኻል፤ ይህንንማ እናቴ «ሰይጣን ታይቶት ነው» ብላ ጠበል ረጨችበት። ከገጠር ለእንግድነት የመጡት አጎቴ ነገሩን እንደ ሽማግሌ ካዳመጡ በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «አሮጌ ውሻ እህል ከመጨረስ በቀር ምን ያደርግላችኋል? በመኪና ጭናችሁ ሱሉልታ ወስዳችሁ ልቀቁትና በምትኩ አንድ ቡችላ አምጡ» አሉ።

አጎቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ በየሰፈሩ የሚደረገውን ነው የተናገሩት። ነገር ግን የተጣለ ውሻ መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ከተማ የኖርን ሁሉ እናውቃለን፤ ወይ መኪና ይደፈጥጠዋል፣ ወይ መርዝ ይበላል፣ ወይ ዕድሜውን ሙሉ ያባረረው ጅብ ያገኘዋል። እናቴ ብታዝንም ያመነታችው በገንዘቡ ነው። «ልጄ፣ ባንተ ደመወዝ ሁለት ውሻ ይቀለባል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ደመወዜን የቤት አስቤዛና የታክሲ ሒሳብ፣ የእኅቴም የትምህርት ቤት ክፍያ ተካፍለው ይጨርሱታል። «ጥቂት ቀን ታገሡኝ» ብቻ አልሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጃክን በአንድ ጓደኛዬ መኪና ጭኜ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድሁት። ሐኪሙ ቢሾፍቱ በሚገኘው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማሩ፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አስገረመኝ። ጃክ ፊቱን ወደ እኔ እንዳዞረ ከበስተኋላው ቁልፎቻቸውን አንቀጫቀጩ። ጃክ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ቀጥለው በእግራቸው ወለሉን መታ መታ ሲያደርጉ ወዲያው ዞረ።

«ወንድሜ፣ ውሻህ አልናቀህም፤ አይሰማህም» አሉኝ።

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እንቢተኛ ሆነ ብዬ የረገጥሁት ጆሮው ጠፍቶ ኖሯል።

የቀሩትም ክሶች እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ፈረሱ። ቀን ሙሉ የሚተኛው የኋላ እግሮቹ መገጣጠሚያ በቁርጥማት ስለ ተያዘ ነው፤ ሐኪሙ አንዱን እግር ቀስ ብለው ሲዘረጉት እንደ ሰው አቃሰተ። በዐይኖቹ ላይ የሚታየውን ሰማያዊ ጉም አይቼ ታወረ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን በትንሽ ባትሪ ከመረመሩት በኋላ፣ ይህ የዐይን ሌንስ ከዕድሜ ብዛት ሲጠጥር የሚመጣ መሆኑን፣ ጃክም በጭለማ ቢቸገር እንጂ ማየቱን እንዳላቆመ አስረዱኝ። ሞራ የሚባለው ነጭ ሆኖ ብርሃንን የሚጋርድ ሌላ ነገር ነው። የሌሊቱም ጩኸት ቢሆን የሰይጣን ሥራ አይደለም። እንደ ሰው ሁሉ አንዳንድ ውሻ ሲያረጅ አእምሮው ይደክማል፤ ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል፣ በኖረበት ግቢ ውስጥ መንገድ ይጠፋበታል፣ ጥግ ይይዝና መውጫው ይጨንቀዋል። ፈጽሞ የሚያድነው ባይሆንም፣ በረንዳው ላይ አንዲት ትንሽ አምፖል ማሳደርና የምግቡን ሰዓትና የመኝታውን ቦታ አለመለዋወጥ ያረጋጋዋል።

ዕድሜውን ሲጠይቁኝ፣ በሰባት እያባዛሁ «በሰው ዕድሜ 77 ዓመቱ ነው» ብላቸው ሳቁብኝ። የአንድ ዓመት ውሻ እንደ ሰባት ዓመት ሕፃን አይደለም፤ እንደ ጎረምሳ ነው። ከዚያ ወዲያ እርጅናው እንደ ቁመናው ይለያያል፤ እጅግ ግዙፍ የሆነው ውሻ በ7 ወይም በ8 ዓመቱ ሲያረጅ፣ ትንሹ እስከ 15 ሊዘልቅ ይችላል።

ትልቁን ስሕተታችንን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጃክ በረንዳውን ማበላሸት ከጀመረ ወዲህ፣ ውኃ ካልጠጣ አይሸናም በሚል ሒሳብ እናቴ ማታ ማታ የውኃ ሳሕኑን ታነሣበት ነበር። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ሐኪሙ ሽንቱን መርምረው እንደ ውኃ የቀጠነ መሆኑን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ኩላሊት ሲደክም ሽንትን ማወፈር ያቅተዋል፤ ስለዚህ ብዙ ውኃ ከሰውነት ይወጣል፤ የወጣውንም ለመተካት እንስሳው ደጋግሞ ይጠጣል። ብዙ የሚሸናው ብዙ ስለሚጠጣ አይደለም፤ ብዙ የሚጠጣው ብዙ ስለሚሸና ነው። ውኃውን የከለከሉት እንደ ሆነ ሽንቱ አይቀርም፤ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ኩላሊቱም ይብሱን ይጎዳል። የስኳር በሽታም እንዲሁ ያስጠማል። እንግዲህ ያረጀ ውሻ ውኃ ሲያበዛ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው እንጂ ሳሕኑን ማንሣት አይደለም።

ወደ ቤት ተመልሼ ይህን ሁሉ ስነግራት እናቴ የራሷን ጉልበት እያሸች ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያም ወደ ጓዳ ገብታ መድኃኒቷን ይዛ ወጣች። ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ ትወስዳለች። «ለእኔ ጉልበት የሚሆን ለሱ ጉልበት ምን ይከፋል? ግማሿን በሥጋ ጠቅልለን እናጉርሰው» አለች። ከርኅራኄ የመጣ አሳብ ነው፤ ሐኪሙም ይህንኑ ገምተው አስቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል ለሰው የታዘዙ ናቸው፤ የውሻን ጨጓራ ሊያደሙ፣ ኩላሊቱን ወይም ጉበቱን ሊያጠፉ ይችላሉ። ለውሻ ቁርጥማት ራሱን የቻለ መድኃኒት አለ፤ እሱም በክብደቱ ተለክቶ፣ የኩላሊቱ ሁኔታ ታይቶ በሐኪም የሚሰጥ ነው። የጃክ ኩላሊት የደከመ ስለ ሆነ፣ መድኃኒቱን ትተን ከመኝታውና ከሙቀቱ እንድንጀምር ተመከርን።

በምግቡ ነገርስ የሐበሻ ቤት ሁሉ ተከሳሽ ነው። ለውሾቻችን የምንሰጠው ወጥ የነካው እንጀራ ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ቀዩም ሆነ ነጩ ሽንኩርት፣ ጥሬውም ሆነ የበሰለው፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። በአንድ ጊዜ ብዙ ቢበላ፣ ወይም ጥቂት ጥቂት እያለ በየቀኑ ቢደጋግመው፣ ደም ማነስ ሊያመጣበት ይችላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል አንጀት ይወጋል። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቁሌቱን ከመጣሏ በፊት የጃክን ድርሻ ለብቻ ታነሣለች፤ በትንሽ ድስት ሩዝ ወይም ገብስ ከጥቂት ሥጋ ጋር ያለ ጨው ይቀቀልለታል። ጥርሱ ስላለቀ እስኪላም ድረስ እናበስለዋለን። በፋሲካ ዕለት ግን ዶሮ ወጡ ሲሸተው ደጃፉ ላይ ተዘርግቶ የሚያየን አስተያየት አንጀት ይበላል።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ለውሻ ሐኪም መክፈሌን ሲሰሙ «ሉሉ አደረግኸው እኮ!» ብለው ሳቁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይወዱት የነበረውን ትንሹን ቺዋዋ ሉሉን ማለታቸው ነው። እኔም መለስሁላቸው። ሉሉ የቤተ መንግሥት ሰው ነበር፤ ጃክ ግን የጥበቃ ሠራተኛ ነው። በመንግሥት ሥራ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜው ሲደርስ የጡረታ አበል ያገኛል፤ ጃክ 11 አገልግሏል። ወጪውም ቢሆን የከሰዓት ማኪያቶዬን በመተው ተሸፈነ።

ውሻ በእኛ ቤት ወደ ውስጥ አይገባም። ይህን ሕግ እናቴን ላስጥሳት አልሞከርሁም። ነገር ግን የሐምሌ ብርድ በሲሚንቶ ላይ ለሚተኛ የታመመ መገጣጠሚያ የሚቻል አይደለም። ከአናጢ በለመንሁት ጣውላ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ርብራብ ሠራሁለትና በላዩ ጭድ የተሞላ ጆንያ አነጠፍሁ። በማግሥቱ ጠዋት በጆንያው ላይ የእናቴን አሮጌ ጋቢ አየሁ። ማን እንዳደረገው አልጠየቅሁም፤ እሷም አልነገረችኝም። ድሮ በሩጫ ያልቅ የነበረው ጥፍሩ ረዝሞ ወደ መዳፉ ሊገባ ደርሶ ስለ ነበር፣ አሁን በየጊዜው ጫፍ ጫፉን እቆርጥለታለሁ። «አርጅቷል፣ ከግቢ አይወጣም» ብለን ያስተጓጐልነውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በየዓመቱ ቀጥሏል።

ስጠራው በእግሬ መሬቱን ሦስት ጊዜ እመታለሁ። ተኝቶ ሳለ ከኋላው አልነካውም፤ ያን ማታ ሊነክሰኝ የቃጣው ከክፋት ሳይሆን ከድንጋጤ ነበር። አስቀድሜ እጄን ወደ አፍንጫው አስጠጋለሁ፤ አሽትቶ ሲያውቀኝ ዐይኑን ሳይገልጥ በጅራቱ መሬቱን ይመታል።

ምሽት ላይ ከአጥራችን እስከ መንገዱ ጥግ፣ 100 ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ አብረን እንወጣለን። መጀመሪያ እኔ እየተቻኰልሁ ገመዱን እጎትተው ነበር። እሱ ግን አንድ ድንጋይ ላይ አፍንጫውን ይተክልና አይነቃነቅም። ጆሮው ቢሄድ፣ ዐይኑም ቢደክም፣ አፍንጫው ገና አለ። ለእሱ ያ አጥር የዕለቱ ጋዜጣ ነው፤ ማን እንዳለፈ፣ የየትኛው ግቢ ውሻ አዲስ እንደ መጣ እያነበበ ነው። ጋዜጣ የያዘ ሽማግሌ ደግሞ አይቸኮልበትም። አሁን እሱ ሲያነብ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ፋይል ሲያገላብጥ ለዋለ ሰው ይህም ዕረፍት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ለምርመራ ስንመለስ ሐኪሙን «እስከ መቼ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የደከመ ኩላሊት ወደ ኋላ እንደማይመለስ አልደበቁኝም። ሥቃዩ በበረታ ጊዜ ሳይጨነቅ በመርፌ እንዲያልፍ ማድረግ እንደሚቻልም ነገሩኝ። ጊዜው መድረሱን በምን አውቃለሁ ብላቸው፣ «ጃክ የሚወዳቸውን ሦስት ነገሮች ጻፍ፤ ሁለቱን የተወ ዕለት ና» አሉኝ። በኪስ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ። አንደኛ፣ የአጥሩን ጋዜጣ ማንበብ። ሁለተኛ፣ የጠዋት ፀሐይ መሞቅ። ሦስተኛ፣ እናቴ ወጥ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ሥጋ ስትመትር እግሯ ሥር መተኛት። ደመወዝ በተቀበልሁ ቁጥር ወረቀቱን አውጥቼ አየዋለሁ። እስካሁን የሰረዝሁት የለም። ባለፈው ወር ግን ሦስት ቀን ያህል ወደ ፀሐዩ አልወጣም ነበርና በሁለተኛው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ።

አጎቴ ካሉት ግማሹ ተፈጽሟል፤ ቡችላው መጥቷል። ስሙ ቦቢ ነው። ሌሊት ጅብ ሲያልፍ የሚሰማው እሱ ነው፤ ዘሎ ተነሥቶ እየጮኸ ወደ አጥሩ ይሮጣል። ጃክ ምንም አይሰማም፤ ነገር ግን የቦቢ ሩጫ ርብራቡን ሲያንቀጠቅጠው ራሱን ቀና ያደርጋል። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ አንዱን እግር ከሌላው እያስከተለ ይወርዳል። አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ጅቡ ሄዷል፣ ቦቢም ተመልሶ ተኝቷል። ጃክ ግን ወደ ባዶው መንገድ ሦስት አራት ጊዜ ደኅና አድርጎ ይጮኽና ወደ ጋቢው ይመለሳል።