የሌሊት ጫማ

ሰው ቀን ለመሄጃ ጫማ ያደርጋል፤ ሲመሽም አውልቆ ይተኛል። የእኔ ልጅ ግን ጫማ የሚያደርገው ለመኝታ ነበር። ነገሩ ለወላጆችና ለመምህራን ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት ጥፋቴን ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በነፋስ ስልክ ነው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ሽቦ ከማያሻው ስልክ ነው፤ ልጃችን ሁለት እግሮቹ ወደ ውስጥ ተቆልምመው በተወለደ ጊዜም ወሬው እንዲሁ ያለ ሽቦ ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰ። አንዱ እርግማን ነው አለ፤ ሌላው የእናቲቱን ጥፋት መረመረ። ባለቤቴም እግሩን በነጠላዋ ሸፍና ለማንም አታሳይም ነበር። በመጨረሻ እናቴ፣ «ልጄ፣ እግር የሰጠ አምላክ ሐኪምም ሰጥቷል፤ ተነሥተህ ውሰደው» አለችኝ።

ሐኪሙም ይህ ከሺሕ ሕፃናት በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ የሚታይ የአፈጣጠር ጉድለት እንጂ የማንም ኃጢአት አለመሆኑን ነገረን። እኔ ቢላዋ ስጠብቅ እርሱ ጀሶ አዘጋጀ። የሕፃን ጅማት ለጋ ነውና እግሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያቃናል፤ ባደረሰበትም ልክ በጀሶ ያስረዋል፤ በሳምንቱ ፈትቶ ደግሞ ጥቂት ይጨምራል። ከስድስተኛው ጀሶ በኋላ የተረከዙን ጅማት በትንሽ ምላጭ ቆርጦ ሦስት ሳምንት አሰረው፤ ጅማቱም ረዝሞ ገጠመ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለካ እውነት ኖሯል።

ይህን ዘዴ ያስገኙት በ1914 እ.ኤ.አ. በስፔን ምድር ተወልደው፣ በአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞችን አክመው፣ በስደት አሜሪካ የገቡት ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ናቸው። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ብዙዎች ቀዶ ጥገናን መርጠው ለረጅም ዘመን አልሰሟቸውም፤ እርሳቸው ግን ታገሡ። በአገራችንም በ1962 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የመናገሻ ቼሻየር በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ሲረዳ ኖሯል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዲስ አበባ ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል ተከፍቶ የአጥንትና የቀዶ ሕክምና ለሚያሻቸው ልጆች ደረሰ።

ጀሶው ከወለቀ በኋላ በብረት ዘንግ የተያያዙ ሁለት ጫማዎች ተሰጡን። ሦስት ወር ሙሉ በቀን ሃያ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያም እስከ አራት ወይም አምስት ዓመቱ በእንቅልፉ ጊዜ እንዲያደርጋቸው ታዘዘ። ልጁ መራመድ ሲጀምር ግን ሌሊት ማልቀሱ አሳዘነኝ፤ ጎረቤትም «የዳነውን ልጅ ለምን ታስሩታላችሁ?» አለን። ጫማውን ቁም ሣጥን ላይ አኖርሁት።

ከወራት በኋላ ለምርመራ ስንሄድ ነርሷ፣ «አባቱ፣ ጫማውን ሌሊት ሌሊት ያደርጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎን፣ ያደርጋል» አልሁ። እርሷም ተረከዙን ዳስሳ ወደ ላይ መሰብሰቡን አየች፤ ጫማውን አንሥታም ማሰሪያው ምንም አለመልፋቱን ተመለከተች። አልተቆጣችም። «ጌታዬ፣ እግሩ መዋሸት አያውቅም» አለችኝ ብቻ። ልጁ እንደ ገና በጀሶ ሲታሰር፣ አሁን ነፍስ አውቋልና ዐይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። ያን ዐይን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲያ አንድ ሌሊት እንኳ አላጓደልንም፤ ሲያለቅስም ባለቤቴና እኔ እየተፈራረቅን አባበልነው። ዛሬ በነፋስ ስልክ ጭቃ ላይ ከእኩዮቹ ጋር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

አንባቢ ሆይ፣ ሐኪሙ የእግሩን መቃናት በሁለት ወር ፈጸመ፤ ቀሪዎቹ ዓመታት ግን የእኔ ድርሻ ነበሩ። ብዙ መልካም ሥራ የሚፈርሰው ሲጀመር ሳይሆን ያለቀ ሲመስል ነው። እግሩ የተቆለመመ ሕፃን ከጎረቤትዎ ቢያገኙ፣ ነጠላው እንዲገለጥ ወላጆቹን ይምከሩ፤ ጫማውንም ቁም ሣጥን ላይ እንዳያኖሩት አደራ ይበሉልኝ።