የሻይ ሰዓት ማስታወሻ

አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ሥራ ጭንቀት ሥልጠና ሰጠ። ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የቀረ ሰው በጽሑፍ እንደሚጠየቅ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቀድሞ ተለጥፏል። አሠልጣኟ ሥራዋን ታውቃለች። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ከተሳበው ረዘም አድርጎ ማስወጣት። ዘዴው እውነተኛ ነው፤ ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ሠራተኞቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ተነፈሱ። ስልኮቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ አንዱም አልተዘጋም። በመካከሉ ሁለት ሰዎች «ሪፖርቱ ይፈለጋል» ተብለው ወጡ። ሲመለሱ የትንፋሹ ልምምድ አልቆ ነበር።

* * *

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሠራተኛው «ፈቃዴን ትቻለሁ» ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። ማስተላለፍም ከሁለት ዓመት ሊያልፍ አይችልም።

በጡረታ ሽኝት ላይ የሚሰማው ምስጋና ግን ይህ ነው፦ «በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ፈቃድ ወጥቶ አያውቅም።» አዳራሹ ያጨበጭባል። ተሸኚው ተነሥቶ እጅ ይነሣል። አጠገቡ የተቀመጠችው ባለቤቱ አላጨበጨበችም።

* * *

የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ላይ «ምክንያት» የሚል መስመር አለ። የእህት ሠርግ፣ የቤት ጉዳይ፣ እናቴ ታማብኝ፣ ለግል ጉዳይ። «ደክሞኛል» ብሎ የጻፈ ሰው አላየሁም። ለሐዘን የሚጠየቅ ፈቃድ ወዲያው ይፈረማል፤ መፈረሙም ደግ ነገር ነው። ለእረፍት የሚጠየቀው «አሁን ጊዜው አይደለም» ይባላል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ሰኔ ጊዜው አይደለም። ሐምሌ 1 አዲስ ዕቅድ ስለሚጀመር ሐምሌም አይደለም።

ፈቃድ ያገኘው ብዙ ጊዜ ቤት ያሠራበታል። ሲሚንቶና አሸዋ ሲያሳድድ ከርሞ ጠቁሮና ከስቶ ይመለሳል። «እረፍት እንዴት ነበር?» ይሉታል። «ተመስገን» ይላል።

* * *

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ተሟጦ መውደቅን ከሥራ የሚመጣ ክስተት ብሎ በበሽታዎች ምደባው ውስጥ አስገባው፤ ራሱን የቻለ በሽታ ግን አላለውም። ምልክቶቹን ሦስት ብሎ ዘረዘረ፦ አቅም ማጣት፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ የሚሠራው ሁሉ ከንቱ መስሎ መታየት።

የሕመም ፈቃድ ወረቀቶች ላይ የሚታየው ሌላ ነው። ጨጓራ። ወገብ። ራስ ምታት። ሐኪሙ የሰማውን ጻፈ። ሠራተኛው ሊነገር የሚችለውን ነገረው። ሦስት ቀን ተኝቶ ወደዚያው ወንበር ይመለሳል። ቀጥሎ የሚጻፍለትም ጨጓራ ነው።

* * *

«ቡና እንጠጣ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዘው ሻይ ነው። የሄደበት ጉዳይ ስኒው ውስጥ የለም። ጀበናው ዘንድ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ትከሻው ዝቅ ይላል፤ ይህን ደጋግሜ ያየሁት ነው። እዚያ የኃላፊና የተላላኪ በርጩማ እኩል ነው። የታመመ ልጅ፣ የጨመረ የቤት ኪራይ፣ የቀረ እድገት የሚነገረው እዚያ ነው። «አይዞሽ» የሚባለውም እዚያ ነው። በወረቀት ስኒ ገዝቶ ወደ ኮምፒውተሩ የሚመለሰው ያንኑ ቡና ጠጥቷል። የተመለሰው ግን በወጣበት ፊት ነው።

ባህሉ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይላል። መሥሪያ ቤት ከአቦል አያልፍም። አለቆች ይህን ሩብ ሰዓት የባከነ ይሉታል። እኔ እንደማየው፣ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ያለው ብቸኛው የጭንቀት መድኃኒት እሱ ነው፤ ድርጅቱንም ምንም አያስከፍለውም።

* * *

ቡናው ራሱ ሰዓት አለው። የጠጡት ካፌይን በአብዛኛው አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ወደ ግማሽ እስኪወርድ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 10 ሰዓት ላይ የተጠጣው ምሽት 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚለው ባልደረባ ጠዋት ለመንቃት ሁለት ስኒ ይጨምራል።

* * *

ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሰል ታቀጣጥላለች። ሁሉም እሷ ዘንድ መጥቶ ያርፋል። አንቺስ መቼ ነው የምታርፊው አልኳት። «እናንተ ስብሰባ ስትገቡ» አለችኝ።

* * *

የሥራ ቴሌግራም ግሩፕ። መልእክቱ የተላከው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። «ለነገ ነው፤ አሁን እንዳትጨነቁ» ይላል። ከሥሩ «እሺ»፣ «ደርሶኛል»፣ «እሺ አለቃ» ተደረደረ። ሁሉም ነቅተው ነበር። መልስ ያልሰጠች አንዲት ሴት ጠዋት በር ላይ «ትናንት ጠፋሽ» ተባለች።

* * *

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የምሳና የጸሎት ሰዓት ነው። በሌላው ቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሙስሊሞቹ ወደ ጁምዓ ይሄዳሉ። የቀሩት ግማሾቹ ባንክ ይሮጣሉ፣ ግማሾቹ ነጠላ ወይም ኮት ተከናንበው ጠረጴዛ ላይ ጋደም ይላሉ። ዓርብ ከሰዓት የመዝገብ ቤቷ ሴት ድምፅ ከሐሙስ ከሰዓቱ ይለያል። ባለጉዳይን «ና ልጄ» ብላ ትጠራለች።

ለመተኛት ግን በሩ ይዘጋል። እግር ሲሰሙ ቀና ይላሉ፣ ጉንጫቸው ላይ የእጅጌ መስመር ታትሟል፣ ያፍራሉ። በሥራ ሰዓት ስልኩን እየገፋ ፌስቡክ ላይ ለሚውለው ማንም በር አይዘጋም፤ እሱም አያፍርም።

* * *

የጥበቃው ወንበር መደገፊያ የለውም። ለምን አባቴ አልኳቸው። «እንዳልተኛ ነው፤ አውልቀውት ነው» አሉ። 24 ሰዓት ሠርተው 24 ሰዓት ያርፋሉ። በሳምንት በአማካይ 84 ሰዓት ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ጣሪያ በሳምንት 48 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት አብረው ባወጡት ግምት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ በስትሮክና በልብ ሕመም 745,000 ሰዎችን ገድሏል።

ሽማግሌው ከሁሉ በፊት ሰላምታ የሚሰጡ ሰው ናቸው። «ደህና አደርክ ልጄ» ይላሉ። ያደሩት እሳቸው ናቸው።

* * *

ያው አዋጅ የማይመለከታቸው ሰዎች ዝርዝር አለው። በዝርዝሩ ውስጥ የሥራ መሪዎች አሉ። ለግል አገልግሎት በሰው ቤት የሚቀጠሩም አሉ፤ የእነሱን ነገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ተትቷል። ሰዓቱን ራሱ የሚወስነውና ሰዓቷን ሌላ የሚወስንላት አንድ አንቀጽ ሥር ተቀምጠዋል።

ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 68 የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች፤ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አትሠራም። ከዚያ የተመለሱ ሴቶች የሚናገሩት ከወረቀቱ በጣም የራቀ ነው። ይሁንና ወረቀቱ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ሥራና እረፍት ሚዛን አሳምራ የምትናገር ሴት አውቃለሁ፤ የምትናገረውም ትክክል ነው። ማታ በር የምትከፍትላት ልጅ ጠዋት ቁርስ ያቀረበችላት ናት።

* * *

ባንክ ውስጥ የመጨረሻው ደንበኛ ለገንዘብ ከፋይዋ «መልካም እረፍት» ብሎ ወጣ። በሩ ተዘጋ። ቆጠራው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ሒሳቡ ካልገጠመ አትወጣም። የጎደለውን ከኪሷ ትሞላለች። ቀኑን ሙሉ የምትፈራው ይህችን ሰዓት እንደሆነ ነግራኛለች፤ ሰልፉን አይደለም። ለእሷ የቢሮ ተክል ወይም ለስላሳ ሙዚቃ ምን ያደርግላታል? የምትፈልገው ገንዘብ ቆጣሪ ማሽኑ እንዲጠገን ነው።

* * *

አሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዱ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው። እዚያ እረፍትን የሚያዘው ሕግ ነው፤ ሰዓቱን የሚመዘግበው መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ። 11 ሰዓት ከነዳ በኋላ 10 ሰዓት ማረፍ ግድ ነው። አንዱን ስለ እረፍቱ ጠየቅሁት። ማረፊያው ላይ ሲቆም አዲስ አበባ እየነጋ ነው። ስልኩ ይጮኻል። ለአንዱ የሕክምና፣ ለአንዱ የትምህርት ቤት ይልካል። መሣሪያው መኪናው መቆሙን መዝግቧል።

* * *

አንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ፎቅ፣ ሁለት ኃላፊ። የአራተኛው ፎቅ ኃላፊ 11፡30 ላይ ቦርሳዋን ይዛ፣ በየቢሮው አንገቷን እያስገባች «ደህና እደሩ፣ ተነሱ» ትላለች። ሥልጠና ሰጥታ አታውቅም። እዚያ ፎቅ ላይ መልቀቂያ የሚያስገባ ሰው እምብዛም የለም።

አምስተኛው ፎቅ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይም መብራት አለ። ሥራ በዝቶባችሁ ነው ወይ ብዬ አንዱን ወጣት ጠየቅሁት። «ሥራውስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልቋል» አለኝ። በመስኮት ወደ ግቢው ጠቆመኝ። የአለቃው መኪና አልወጣችም።