ዘራፊዎችና አምስት ሚክስቴፖቻቸው

በአማርኛችን «ዘረፈ» የሚለው ግስ ሁለት ፊት አለው። በአንዱ ሽፍታው ነጋዴውን ይዘርፋል፤ በሌላው ባለቅኔው በማኅሌቱ መካከል ቆሞ ቅኔውን ይዘርፋል። አንዱ «ያዘው!» ያሰኛል፣ ሌላው «ይበል!» ያሰኛል። ስለ አሜሪካ የሂፕ ሆፕ ሚክስቴፕ ባሰብሁ ቁጥር ይህ ግስ ትዝ ይለኛል። ሚክስቴፕ ሁለቱንም ዘረፋ ባንድ ላይ የያዘ ጥበብ ነውና።

ነገሩ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በ1970ዎቹ ኒውዮርክ የሰፈር ጭፈራ አጫዋቾች ያሰናዱት ሙዚቃ በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ራፐሩ ራሱ የሌላውን ዝነኛ ምት አንሥቶ፣ የባለቤቱን ቃል አውጥቶ የራሱን ያስገባበት፣ ከዚያም ያለ ዋጋ ይበትነው ጀመር። ምቱ ግን ባለቤት አለው፤ ሕግም አለው። በጥር 2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፖሊሶች አትላንታ ውስጥ የዲጄ ድራማን ቢሮ ወረሩ። እርሱንና ባልደረባውን ዶን ካነንን አሠሩ፤ ከ81,000 የሚበልጡ ሲዲዎችንም ጭነው ሄዱ። የሚገርመው፣ ሙዚቃ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ዘፋኞቻቸውን ለማስተዋወቅ ለእነዚሁ ዲጄዎች ዘፈን ያቀብሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ሚክስቴፑ ከጎዳና እየለቀቀ ወደ ኢንተርኔት ገባ። በ2005 የተመሠረተው ዳትፒፍም ትልቁ ገበያው ሆነ፤ ገንዘብ የማይጠየቅበት ገበያ።

ከዓመታቱ ሁሉ የእኔ 2009 ነው፤ በእኛ 2001ን ከ2002 ያጋጠመው ዓመት። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሚክስቴፕ በኢንተርኔት ቤት ቁራጭ በቁራጭ ወርዳ በፍላሽ ተጭና ቤት እስክትገባ ሁለት ሦስት ቀን ትፈጅ ነበር። እንዲህ ተደክሞበት የመጣ ነገር ተሰምቶ አይጣልም፤ እስኪሸመደድ ይደመጣል። ከሸመደድኋቸው አምስቱ እነሆ፤ ከአምስተኛው ልነሣ።

አምስተኛው የዋሌ «ባክ ቱ ዘ ፊቸር» ነው። ዋሌ የናይጄሪያ ስደተኞች ልጅ ሲሆን ያደገው እዚያው ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ነው። ብዙውን ምት ያሰናዳለት የሰሜን ካሮላይናው ናይንዝ ወንደር ነው፤ የድሮ ነፍስ ዘፈኖችን ቆራርጦ መልሶ የሚሰፋ እጀ ብልህ። ዋሌ በዚህ ላይ ቃላቱን እንደ ልብ ይሯሯጥባቸዋል። የስደተኛ ልጅ በአዲሱ አገር ቋንቋ ከባለ አገሩ ልቆ ሲገኝ መስማት ለእኔ የተለየ ደስታ አለው።

አራተኛው የድሬክ «ሶ ፋር ጎን» ነው። በየካቲት በነጻ ሲለቅቀው የ22 ዓመት የቶሮንቶ ልጅ ነበር። ከውስጡ አንዱ ዘፈን በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሁለተኛ እስከ መሆን ደረሰ፤ በነጻ ለተሰጠ ሥራ ያልተለመደ ዕድል። የስዊድናዊቷን የሊኪ ሊን ዘፈን አንሥቶ በላዩ ሲያንጎራጉር ራፕ ነው ወይስ እንጉርጉሮ ብሎ መለየት ያስቸግራል። ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ዝና ሳይደርስበት ስለ ዝና ድካም ያማርራል። ቢሆንም ትዝታን የለመደ ጆሮ ይህን ድምፅ ለመውደድ አይቸገርም።

ሦስተኛው የሊል ዌይን «ኖ ሲሊንግስ» ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ የወጣ። የዓመቱን ታላላቅ ምቶች አንድ በአንድ እየነጠቀ፣ ባለቤቶቻቸው ያልገመቱትን ያደርግባቸዋል። ዌይን ግጥሙን በወረቀት አይጽፍም፤ በቃሉ ይዘርፈዋል እንጂ። በዚያው ወር ኒውዮርክ ውስጥ በተከሰሰበት የጦር መሣሪያ ጉዳይ ጥፋቱን አምኖ ነበር፤ በመጋቢት 2010 ወኅኒ ወረደ። በሩ ሳይዘጋ ያለውን ሁሉ የሚያወጣ ሰው ጥድፊያ ይሰማበታል።

ይህን ስሰማ በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት የነበሩት አጎቴ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ጣታቸው ግን ቤት መምቻውን ይቆጥር ጀመር።

«ዜማው የማን ነው?» አሉኝ።

«የሌላ ሰው ነው፣ ጋሼ። ቃሉ ብቻ ነው የእርሱ» አልኋቸው።

«ታዲያ ምን ነውር አለበት? መንገድ የሁሉም ነው፤ አረማመዱ ነው የሰውየው።»

ስለ ሚክስቴፕ ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

ሁለተኛው የጄ. ኮል «ዘ ዋርም አፕ» ነው። የፌየትቪል ልጅ፣ የሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፤ ርእሱ ከቅርጫት ኳስ ማሟሟቂያ የመጣ ነው። ብዙውን ምት በራሱ እጅ ሠርቷል። «ላይትስ ፕሊዝ» በተሰኘው ዘፈን አንድ ወጣት ስለ ወገኑ መከራ ሊያወራ ይሞክራል፤ ሥጋው ግን መብራቱን አጥፊው ይላል። ስብከት የለበትም፤ ሙግቱን በራሱ ላይ ነው የሚያካሂደው። ጄይ-ዚን አሳምኖ ኮልን ወደ ሮክ ኔሽን ያስገባው ይህ ዘፈን ነው።

አንደኛው፣ ያለ ማመንታት፣ የፍሬዲ ጊብስ «ዘ ሚስኤጁኬሽን ኦፍ ፍሬዲ ጊብስ» ነው። ጊብስ ከኢንዲያና ጋሪ ነው፤ በብረት ፋብሪካ ቆማ፣ ፋብሪካው ሠራተኛውን ሲቀንስ ከተጎሳቆለች ከተማ። በዚያው ዓመት በሰኔ ዓለም ያለቀሰለት ማይክል ጃክሰንም የተወለደው እዚያ ነበር። ጊብስ ከአንድ ትልቅ አሳታሚ ጋር ተዋውሎ፣ አንድም አልበም ሳይወጣለት ተሰናበተ። በዚህ ሚክስቴፕ የምሰማው የተሰናበተ ሰው ድምፅ ነው፤ አይለምንም፣ አይራገምም፣ ያየውን በጠራ አንደበት ይናገራል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲማረው የማልሻውን ኑሮ ይተርካል፤ ግን አያሳምረውም። ከዓመታት በኋላ «አልፍሬዶ» የተሰኘው የ2020 ሥራው ለግራሚ ሲታጭ፣ ያኔ በነጻ የሰማነው ሁሉ «ብለን ነበር» አልን።

ዛሬስ? «ሶ ፋር ጎን» በ2019፣ «ኖ ሲሊንግስ» በ2020 ወደ ሕጋዊዎቹ መድረኮች ገቡ። ሁለተኛው ግን ሙሉ አልነበረም፤ ፈቃድ ያልተገኘላቸው ዘፈኖች ቀርተውበት ነው የገባው። ዳትፒፍም በ2023 ሲዳከም ክምችቱ ወደ ኢንተርኔት አርካይቭ ተሻገረ። በሰው መሬት ላይ የተሠራ ቤት ወራሽ የለውም። ቢያምርም ምሶሶው የሌላ ስለሆነ አንድ ቀን ይነቀላል። ስለዚህ የድሮዎቹን ፋይሎች፣ ከነመጥፎ ድምፃቸው፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እያሻገርሁ አኖራለሁ።

ቅኔ ቤትም ሕጉ ተመሳሳይ ነው፤ ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ አዲስ መሆን አለበት። ቅኔው የሚተርፈው የሰማ ሰው በልቡ ከያዘው ብቻ ነው። አጎቴ ካረፉ በኋላ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ በወጣትነታቸው የዘረፉትን ቅኔ ስናፈላልግ ከአንድ የጉባኤ ቃና በቀር የሚያስታውስ አልተገኘም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። የተገኘው አንዱ ቤት ብቻ ነው።