የመርሳ አረቄና የመዳቡ ዓምድ

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ሲርንቃን አልፈው መርሳ ሲገቡ ሙቀቱ ይበረታል። የሐብሩ ወረዳ በፍራፍሬው ስሙ የተነሣ ነው፤ ማንጎውና ፓፓያው መንገድ ዳር ተደርድሮ አላፊውን ይጠራል። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ እንግዳ ነኝ፤ ሙያዬ የኬሚካል ምህንድስና ነው። ዓይኔን የሳበው ግን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የአረቄ ጓሮ ሆነ።

«ግባ ልጄ፣ ጭሱን ከቻልኸው» አሉኝ ባለቤቲቱ።

ጉልቻው ላይ ድፍድፍ የያዘ እንስራ ተጥዷል። አፉ በጭቃ ተመርጓል። ከዚያ የወጣው መቃ ቁልቁል ወርዶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ ዕቃ ጋር ተገናኝቷል። ውሃው ሲሞቅ እናቲቱ በጣሳ እየቀዱ ይለውጡታል። አረቄው ማለቁን የሚያውቁት በእሳት ነው፦ ጥቂት ጠብታ ወደ ፍሙ ይረጫሉ፤ ሰማያዊ ነበልባል ቦግ ካለ «ገና አለው» ይላሉ፤ ዝም ካለ እሳቱን ይጎትታሉ። አተላው ለከብት ይሄዳል። ዳግም የሚፈልግ ደንበኛ ካለ ደግሞ ተራው አረቄ ተመልሶ እንስራው ውስጥ ይገባል፤ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ጭስ።

ዳግም አረቄ ጠንካራ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። አልኮል 78 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ውሃ ደግሞ 100 ላይ፣ መርሳን በመሰለ ከፍታ ላይ ከዚያም ዝቅ ብሎ። ከመቶው አሥር እጅ አልኮል ያለው ድፍድፍ ሲፈላ፣ መጀመሪያ የሚወጣው እንፋሎት ግማሽ ያህሉ አልኮል ነው። እየቆየ ሲሄድ ግን ይቀጥናል፤ የተጠራቀመውም አብሮ ይቀጥናል። ደግሞ ማፍላት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ባለ ሳህን ዓምድ ይህን ድግግሞሽ በአንድ እሳት ይጨርሰዋል። ፈረንሳይ ውስጥ ሴሊዬ ብሉመንታል እ.ኤ.አ. በ1813፣ አየርላንዳዊው ኤኒያስ ኮፊ በ1830 የባለቤትነት መብት ያወጡበት አሳብ ነው፤ ዛሬ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል የሚያወጣውም በዓምድ ነው። በቤት ደረጃ ሲሠራ ቁመቱ ከሰው ቁመት ያነሰ የመዳብ ቱቦ ይበቃዋል። ውስጡ ሦስት ወይም አራት ሳህኖች በትራፓኖ በደቃቁ ተበስተው ይገባሉ። እንፋሎቱ በቀዳዳዎቹ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል፤ አናት ላይ ከቀዘቀዘው ፈሳሽ ከፊሉ ደግሞ በየሳህኑ ጠርዝ ባለች ትንሽ ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፣ በተራራ እርከን ላይ እንደሚወርድ ጎርፍ ደረጃ በደረጃ። በየሳህኑ ውሃው ወደ ታች፣ አልኮሉ ወደ ላይ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ሳህን አንድ ዳግም ነው ማለት ይቻላል።

በያጁ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ሳህኑ ትንሽ ከዘመመ ፈሳሹ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና እንፋሎቱ በደረቁ በኩል ያመልጣል። የመውረጃዋ ቱቦ ጫፍ ፈሳሽ ውስጥ ካልተነከረች እንፋሎቱ በእርሷ በኩል ይወጣና ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እርሳስ ባለበት ብየዳ መገጣጠም የጠጪውን ጤና መጉዳት ነው። መውጫው መቼም ቢሆን መደፈን የለበትም፤ አረቄው የሚጠራቀምበትም ዕቃ ከእሳቱ ይራቅ፣ የአልኮል እንፋሎት እሳት ይስባልና።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው እናቲቱ ዝም ብለው አዳመጡኝና «ታዲያ ጌሾው ይሸታል?» አሉ። ከምህንድስና መምህር የሚጠበቅ ጥያቄ ነው። ሳህን በበዛ ቁጥር አልኮሉ ይጠራል፣ መዓዛውም አብሮ ይሄዳል፤ አሥርና ሃያ ሳህን ከተደረገበት የመርሳ አረቄ መሆኑ ይቀርና የፋብሪካ አልኮል ይሆናል። ሦስት ሳህን ላይ መቆም ያለብን ለዚህ ነው።

«መዳቡስ ስንት ያወጣል?» ብለው ቀጠሉ። የእርሳቸው የዕለት ገቢ አይችለውም። ሴቶቹ ተደራጅተው በጋራ ቢይዙት ግን የዳግሙን እንጨት ያህል ይተርፋል፣ ዓይናቸውም ከጭሱ ግማሽ ያርፋል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራ ስትመርጡ ይህን ባለ ሦስት ሳህን ዓምድ አስቡት፤ ንድፉን ይዛችሁም መጀመሪያ ወደ እነዚህ እናቶች ጓሮ ሂዱ።