አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ፕሪንተር



የዛሬው ወሬያችን ስለ ፕሪንተር ነው። አትሳቁ። በዚህ ፕሪንተር ምክንያት የአንድ ወንድማችንን ሐቅ ነክተናል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እንንገራችሁ።

እኛ በንፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ኢማሞቻችንን የምንረዳ ሦስት ሰዎች ነን። ላይ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ማለት ነው። ዕድሜያችን ሠላሳን አልፏል፣ የተማርነው መድረሳ ነው፣ ከኮምፒዩተር ጋር የተዋወቅነው ዘግይተን ነው። በየመድረሳችን በጎ አድራጊ የሰጠን አንድ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና ፕሪንተር አለ። የደረሶቹ ስም ዝርዝር፣ ውጤትና የምስክር ወረቀት የሚወጣው ከዚያ ነው። ዊንዶውሱ በቫይረስ ተጨናንቆ አላሠራ ሲለን አንድ ወንድማችን መጥቶ ሦስቱም ላይ ሊኑክስ ጫነልን። ማሽኖቹ ነፍስ ዘሩ፤ አልሐምዱሊላህ። የንፋስ መውጫውና የወገዳው ፕሪንተር ግን አመለኛ ሆኑ።

የአመሉ ምክንያት ይህ ነው። አንዳንድ ሌዘር ፕሪንተር የሚሠራበትን ፕሮግራም በራሱ ውስጥ አያስቀምጥም። በበራ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ያንን ፋይል ሊልክለት ይገባል። ካልተላከለት መብራቱን አብርቶ ዝም ይላል። ፋይሉ ደግሞ መጀመሪያ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። በእኛ አገር መብራት በቀን ስንቴ ሄዶ እንደሚመጣ አንነግራችሁም። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ያ ወንድማችን ፋይሉን በፍላሽ ይዞ፣ ከራሱ ኪስ ትራንስፖርት ከፍሎ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። ጉናን ዞሮ እስቴ ድረስ የሄደበት ቀን አለ፤ ለአንድ ኬብል።

ከዚያ ሻዕባን ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው የረመዷኑን የሰዓት ሰሌዳ ልናትም ተነሳን። ፕሪንተሩ ዝም አለ። ደወልን፤ ስልኩ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ ነው። ያን ጊዜ ያልነውን ብንደብቅ ጥሩ ነበር፤ ግን አልን። «ዕውቀቱን ደበቀብን» አልን። «እንዲለመን ፈልጎ ነው» ያለም አለ። ሰሌዳውን በእጅ ጽፈን ኮፒ ቤት አባዛነው። በአራተኛው ቀን ሰማን፤ እናቱን ይዞ ሆስፒታል ነበር።

ዐፍው ልንጠይቀው ሄድን። አልተቆጣንም። «እንዴት እንደሚሠራ አሳየን ያለኝ ሰው የለም። ና ብቻ ነው የምትሉኝ» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ሻይ አስቀዳልን።

ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብና ማስነበብ የጀመርነው። ድራይቨር የሚባለው ኮምፒዩተሩ ከአንድ ዕቃ ጋር የሚግባባበት ኮድ ነው፤ ለፕሪንተር፣ ለዋይፋይ፣ ለድምፅ፣ ለስክሪን ለየራሳቸው አላቸው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል ፊንላንዳዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ዛሬ በኪሳችን ባለው አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጥ አለ። የዋናው ክፍሉ፣ ማለትም የከርነሉ ኮድ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር ነው። (የፕሪንተሩ ድራይቨር እንኳ ከከርነሉ ውጭ ነው የሚኖረው፤ የአጠባበቁ ነገር ግን ያው ነው።) ዕቃው ባይለወጥ እንኳ በዙሪያው ያለው ኮድ በየጊዜው ይለወጣል፤ አዲስ ከርነል በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል። ስለዚህ ትናንት የሠራ ድራይቨር ነገ እንዲሠራ የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ሰው ሜንቴይነር ይሉታል። እኛ በገጠር ልማዳችን ጠባቂ እንበለው።

የጠባቂዎቹ ስም የሚጻፍበት አንድ ፋይል ከኮዱ ጋር አብሮ አለ፤ ሜንቴይነርስ ይባላል፤ ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። በእያንዳንዱ ድራይቨር ሥር ጠባቂው ማን እንደሆነ፣ የሌሎችን ሥራ የሚያየው ገምጋሚ ማን እንደሆነ፣ የድራይቨሩም ሁኔታ ምን እንደሆነ ተጽፏል። ተከፍሎት የሚጠብቀው ሰው ያለው አለ። ጠባቂ ቢኖረውም የማይከፈለው አለ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ አለ። ከዚያ «ኦርፋን» የሚል ቃል ይመጣል፤ የቲም ማለት ነው። ኮዱ አለ፣ አሳዳጊ ግን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የፍሎፒ ዲስክ ድራይቨር በዚህ መዝገብ ላይ የቲም ተብሎ ተጻፈ። ኮዱ ስለከበደ አይደለም። የሚሠራ የፍሎፒ ማሽን በእጁ ያለው ሰው ማግኘት ስላስቸገረ ነው። በኋላ ሌላ ሰው ተረከበው። ይህን ነገር አስታውሱት፤ ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

በመድረሳ ያደገ ሰው ሲያየው የሚደነቅበት ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ወደ ከርነሉ የሚገባ ማንኛውም እርማት ያለፈበትን እጅ ሁሉ ፊርማ ይዞ ይሄዳል። ማን ጻፈው፣ ማን አየው፣ ማን ሞከረው፣ ማን ተቀብሎ ለማን አሳለፈው። ሰነድ ነው። እኛ ስንሰማው ወዲያው ኢስናድ ትዝ አለን፤ እነሱ ቃሉን ባያውቁትም።

ይሁን እንጂ ሰነድ ያለው ነገር ሁሉ ሸክሙ ተከፋፍሏል ማለት አይደለም። ሁሉ እርማት በአንድ ሰው እጅ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ያ ሰው ሲታመም፣ ሲያገባ ወይም ሲሰለቸው በር ይዘጋል። የኢንቴልን የግራፊክስ ድራይቨር ከጠበቁት አንዱ ዳንኤል ፌተር እ.ኤ.አ. በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ በተደረገ የሊኑክስ ጉባኤ ላይ ይህንኑ ተናግሯል፤ ሥራው ሲበዛ ጠባቂው አብሮ አይበዛም ነው ነገሩ። የነሱ መላ ለአንድ ሰው ምክትል መስጠት አልነበረም። በቋሚነት ለሚሠሩ ለብዙዎች እርማቱን ራሳቸው እንዲያስገቡ ቁልፍ ሰጡ፤ ነገር ግን ማንም ሌላ ሰው ያላየውን ሥራ አያስገባም። የመንደር ከብት በተራ ሲጠበቅ እንዳየነው ነው። ተራው የደረሰው ይወጣል፤ ከብቱ ግን የሁሉም ነው፣ በማታም ሁሉም የራሱን ቆጥሮ ያስገባል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ግን ሎሚውን የሚቀበለው ማን እንደሆነም መታየት አለበት። ኤክስዜድ የሚባል ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም አለ። ድራይቨር አይደለም፤ ሆኖም ሊኑክስ ባለበት ብዙ ቦታ አለ። ላሴ ኮሊን የሚባል ሰው ለዓመታት ያለ ክፍያ፣ ለብቻው ሲጠብቀው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2022 «ዘገየህ፣ ለሌላ ስጥ» የሚሉ መልእክቶች በላዩ ላይ በረከቱ። እሱም የአእምሮ ጤናው እንዳስቸገረው፣ ሥራውም ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ እንደሆነ ገለጸ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ አንድ «ረዳት» በአጠገቡ ነበር፤ ትሑት፣ ታታሪ፣ ታጋሽ። ሠርቶ እምነት አገኘ፣ ቁልፉም ተሰጠው። ከዚያ የሌሎችን ሰርቨሮች በስውር መክፈቻ በር አስገባበት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2024 ይህን ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። መነሻው ወደ ማሽን የመግቢያው ጊዜ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ግማሽ ሰከንድ! እኛ ብንሆን መብራቱ ነው ብለን እናልፈው ነበር።

ይህን ስናነብ ሁለት ነገር አሳፈረን። የመጀመሪያው፣ ያን የደከመ ሰው በነገር የወጉት ሰዎች ቃል ከእኛ ቃል ጋር መመሳሰሉ ነው። ሁለተኛው፣ አማናን ለደከመው ሰው «እናግዝህ» ብሎ መቀበል ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ላሴ ኮሊን ረዳት አላጣም። ያጣው የረዳቱን ሥራ አብሮት የሚያይ ሦስተኛ ሰው ነው።

እኛም የራሳችንን ደብተር አዘጋጀን። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ገጽ፤ በገጹ ላይ ሁለት ስም፣ ጠባቂና ገምጋሚ። ወንድማችን አንድ ጁሙዓ ከሰዓት በኋላ ሰብስቦን የፕሪንተሩን ፋይል እንዴት እንደምንልክ፣ ፋይሉን በፍላሽና በኮምፒዩተሩ ላይ እንዴት እንደምናስቀምጥ አሳየን። በአማርኛ ጻፍነው፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ስንት ዓመት ሲያመላልሰው የኖረ ነገር አንድ ገጽ ተኩል!

መጀመሪያ ላይ ግን አበላሸነው። የወገዳው ወንድማችን ለራሱ ፕሪንተር የሠራለትን ለውጥ ደስ ብሎት ማንም ሳያየው ወደ እስቴ በፍላሽ ላከ። የእስቴው ፕሪንተር ዓይነቱ ሌላ ነው። ግማሽ እሽግ ወረቀት የማይነበብ ምልክት አትሞ ጨረሰ። ለመድረሳ ወረቀት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ለውጥ ያደረገው ሰው ይፈርማል፤ ገምጋሚው በራሱ ዓይን ያያል፤ የሚጫንበት ቦታ ያለው ሰው ሞክሮ ሦስተኛውን ፊርማ ያኖራል። ሦስት ፊርማ ሳይሞላ ወደ ሌላ ከተማ አይሄድም። አንዳንዴ ለትንሽ ነገር አንድ ሳምንት እንቆያለን። እስቴዎች ያጉረመርማሉ፤ ወረቀቱ ግን ቆሟል።

አሁን ወደ ፍሎፒው እንመለስ። እኛ ወጣቶቹ «እኛ ኮድ አንጽፍም፣ ምን እንረዳለን?» ሲሉ እንሰማለን። ያ ድራይቨር የቲም የሆነው ጻፊ ጠፍቶ አይደለም፤ ዕቃው በእጁ ያለ ሞካሪ ታጥቶ ነው። በሌላው ዓለም የተጣለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ አሮጌ የዋይፋይ መቀበያ፣ አሮጌ ፕሪንተር ደግሞ የት ነው ያለው? ደብረ ታቦርም፣ ንፋስ መውጫም ኮፒ ቤቶች ውስጥ በየቀኑ እየሠራ ነው። አዲስ ከርነል ሲወጣ አሮጌው ዕቃ መሥራቱን አይቶ፣ ካልሠራ የማሽኑን ዓይነት፣ የከርነሉን ቁጥርና ቀድሞ በየትኛው ይሠራ እንደነበር ጽፎ የሚልክ ሰው ለጠባቂው ትልቅ ውለታ ነው የሚውለው። እርማት ተልኮለት ከሞከረውም የሞካሪው ስም በዚያ ሰነድ ውስጥ ይጻፋል።

ወንድማችን አሁን ከመንገድ ስላረፈ ይህን ጀምሯል። ስለ አንድ አሮጌ የዋይፋይ መቀበያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጽፎ ላከ። በሁለተኛው ቀን «የማሽኑን መዝገብ ላክልን» የሚል መልስ መጣለት። መብራት ሁለቴ ጠፍቶበት ሌሊቱን ላከላቸው፤ እየጠበቀ ነው። እናቱም ደህና ናቸው፤ ዱዓችሁ አይለያቸው።

በደብተራችን ውስጥ አንድ ገጽ ቀርቶናል። ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ያለው መድረሳ በቅርቡ አንድ ኮምፒዩተር አግኝቷል። ጠባቂ ተገኝቶለታል። ገምጋሚ በሚለው ቦታ ላይ ግን እስካሁን ስም አልተጻፈም። አርብ ገበያ ያላችሁ፣ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ኢማሙን ጠይቁ።